ዝቅ ባለች ቪትዝ ላይ 20 ሚሊ ስፔሰር ገባ፤ ጎማው ፓራፋንጎ እየፋቀ አስቸገረኝ

ደብሬ_ቪትዝ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው።

የመጀመሪያውን ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ፣ ያችን ድቡልቡሏን፣ ከአዲስ አበባ ገዝቼ ካመጣኋት አራት ወር ሆነኝ። ስገዛት ዝቅ ተደርጋ ነበር። ያወረዳት የድሮ ባለቤቷ ነው። እውነቱን ልናገርና የገዛኋት በቁመናዋ ነው። ኮፈኗን የከፈትኩት ቀብድ ከሰጠሁ በኋላ ነው፤ አትስደቡኝ።

ቸርኬው 15 ነው። ጀርባው ላይ "15 በ6½፣ ኢቲ 45" የሚል ተቀርጿል። ጎማው 195/50። ሁሉ ነገሯ ደስ ይለኛል፤ ጎማዎቹ ግን ወደ ውስጥ የገቡ ይመስሉኝ ነበር። ከኋላ ሆኜ ሳያት ጥርሷ የወለቀ አሮጊት ትመስለኛለች። ስለዚህ ባለ 20 ሚሊ ስፔሰር አራት ገዛሁ። በራሱ ብሎን የሚታሰረውን ዓይነት። ቅዳሜ ጎሚስታ ቤት አስገባሁት። ቁመናዋን አትጠይቁኝ፤ አበደች።

እሑድ እናቴንና ሁለት አክስቶቼን ከኋላ ጭኜ ለሰርግ ወደ ጫጫ ሄድን። ብሬከር ባለፍን ቁጥር ከኋላ "ክርርር"። ጫጫ ስንደርስ መኪናው ውስጥ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። እናቴ "ልጄ፣ ይቺ መኪና ጉሮሮዋን ያማታል እንዴ?" አለችኝ። ብቻዬን ስነዳ ከኋላ ምንም ድምፅ የለም። ከፊት ደግሞ መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዤ ከግቢ ወደ ኋላ ስወጣ "ቅርጥጥ" የሚል ነገር አለ።

አንዱ ስፔሰሩን በ15 ቀይረው አለኝ። ሌላው ጎማውን አሳንስ አለኝ። ጎሚስታው "ፓራፋንጎውን (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን ቆርቆሮ) በፍሌክሲብል፣ በብረት መቁረጫው፣ ልቁረጥልህ" ብሎ ሊነሳ ሲል ሸሸሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?


የሸኖ_ልጅ

ወንድሜ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ስፔሰር መኪና ማስነሻ አይደለም እንዴ? የአባቴ ኮሮላ ላይ ብሬከር እየነካች ስታስቸግር አስገብተን ሁለት ጣት ተነሳች። አንተ አስገብተህ እንዴት ጎማው ይፍቃል?


ቦኮላ (ጋራዥ ነው የምሠራው፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን)

@የሸኖ_ልጅ ስሙ አንድ ሆኖ ነው እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። የአባትህ ከሞላው ላይ ወይም ስር የሚገባ ነው፤ መኪናውን ወደ ላይ ያነሳል። የዚህ ልጅ በሞዞውና (ቸርኬው የሚታሰርበት ነው) በቸርኬው መሃል የሚገባ ነው። ቁመት አይነካም። ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋል።

እዚህ አገር መኪና የሚያወርድ ሰው ማየትም ብርቅ ነው። በሳምንት ሦስት አራት ሰው "አስነሱልኝ" ብሎ ይመጣል። "አውርዱልኝ" ያለኝ ሰው እስካሁን የለም። እሺ ይሁን፣ የልብ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የጎማ ስፔሰርም ሁለት ዓይነት ነው። ስሱ 3 ወይም 5 ሚሊ የሆነ ዝርግ ነው፤ መኪናዋ ይዛው የመጣችውን ብሎን ነው የሚጠቀመው። እዚያ ላይ የሚታየው ዳዶው (ብሎኑ ላይ እየዞረ የሚያጠብቀው) ስንት ጥርስ ይዟል የሚለው ነው። የቪትዝ ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ነው። ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ ነው። ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል መግባት አለበት። 12ን ለ1.5 ስታካፍለው 8 ዙር ይመጣል። በእጅህ እያዞርክ ቁጠር። 8 ካልሞላ ስፔሰሩን አውጥተህ ጣለው፤ ወይ ረጅም ብሎን አስቀይር።

ያንተ ወፍራሙ ነው። መጀመሪያ ስፔሰሩ በመኪናዋ ብሎን ይታሰራል፤ ከዚያ ቸርኬው በስፔሰሩ ብሎን ይታሰራል። "በ15 ቀይረው" ያለህ ሰው ይሄን ያሰበ አልመሰለኝም። ስፔሰሩ ሲሳሳ የመኪናዋ ብሎን ጫፍ አልፎ ይወጣል። ቸርኬህ ጀርባው ላይ ጫፉ የሚደበቅበት ጉድጓድ ከሌለው ዝርግ አይቀመጥም። በብሎኑ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። ዳዶው ሲጠብቅ ግን የታሰረ ይመስላል። ለመሆኑ በ20ውስ አይተሃል? አንዳንዱ ብሎኑን ይቆርጠዋል። ከቆረጥከው ደግሞ ያለ ስፔሰር መንዳት የለም።


ደብሬ_ቪትዝ

@ቦኮላ እግዜር ይስጥልኝ። ቸርኬዬ በየብሎኑ መሃል ጉድጓድ አለው። አሁን ማታውን አንዱን ፈትቼ አየሁት። ብሎኑ ከስፔሰሩ ትንሽ ያልፋል፤ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ቸርኬው ዝርግ ነው የተቀመጠው፤ ዙሪያውን በወረቀት ሞከርኩት፣ አያስገባም።


ፈገግታ_ብቻ

እናትህን ከፊት አስቀምጣቸው፤ ችግሩ ተፈታ።


ጋሽ_ቶርኖ

ልጄ፣ 31 ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜያለሁ። ሰዉ ሁሉ "20 አስገባ፣ 15 አስገባ" ይላል። ለክቶ የሚናገር ግን ትንሽ ነው። ወረቀትና እርሳስ ያዝ።

ቸርኬህ 6½ ኢንች ነው፤ 165 ሚሊ ማለት ነው። ግማሹ 82 ተኩል። ኢቲ 45 ማለት ሞዞው ላይ የሚያርፈው የቸርኬው ፊት ከቸርኬው ወገብ 45 ሚሊ ወደ ውጭ ቀርቧል ማለት ነው። ስለዚህ ከሞዞው ፊት ወደ ውጭ የወጣው 82 ተኩል ሲቀነስ 45፣ ማለትም 37 ተኩል። ወደ ውስጥ የገባው 82 ተኩል ሲደመር 45፣ ማለትም 127 ተኩል።

አሁን ከመኪናዋ ጋር ከፋብሪካ የመጣውን ቸርኬ ፈልግና ጀርባውን አንብብ። 5½ በኢቲ 45 ከሆነ በዚያው ሒሳብ ወደ ውጭ 25፣ ወደ ውስጥ 115 ይሆናል።

ይሄ ምን ይነግርሃል? ስፔሰር ሳታስገባም የአሁኑ ቸርኬህ 12 ተኩል ሚሊ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። "ገባ" ያልከው ዓይንህ ነው። አሁን 20 ስትጨምር ከፋብሪካው 32 ተኩል ሚሊ ወጣ። ሦስት ሴንቲ ከሩብ! ይሄ የቸርኬው ብቻ ነው፤ የጎማው ሆድ ደግሞ ከቸርኬው ትንሽ ይነፋል። ያችን የምታህል መኪና ላይ ብዙ ነው።

የፊቱን ድምፅ እንዲህ አስበው። የፊት ጎማ ሲታጠፍ እንደ በር ነው። ጎማው ከማጠፊያው በራቀ ቁጥር ጫፉ ሰፋ ያለ ክብ ይጠርጋል። ድሮ የማይደርስበትን ጥግ አሁን ይደርሳል። መሪውም ይከብዳል፤ ጉድጓድ ሲገባ እጅህን ይነጥቅሃል። የሞዞው ኩሽኔታም እንደዚሁ ነው፤ ሸክሙ ከትከሻ ወደ እጅ ጫፍ እንደወረደ ቁጠረው።

ሌላ ደግሞ የስፔሰሩን መሃል ቀዳዳ ለካው። የቪትዝ ሞዞ 54.1 ሚሊ ነው። ስፔሰሩ እዚያ ላይ ልክክ ብሎ መቀመጥ አለበት። ፊት ለፊቱም ቸርኬውን የሚቀበል ከንፈር ይኑረው። ሰፋ ካለ ሸክሙን ብሎኖቹ ብቻ ናቸው የሚሸከሙት፤ መሃሉን ስለማያገኝ ፍጥነት ስትጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል። አንተ ባላንስ ታስደርጋለህ፣ ደግመህ ታስደርጋለህ፣ አይለቅህም። በጎማው አታመካኝ።


ደብሬ_ቪትዝ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የፋብሪካው ቸርኬ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ 14 በ5½ ኢቲ 45 ነው የሚለው። እርስዎ እንዳሉት ነው ማለት ነው። ካሊፐር ከጎረቤት ተውሼ ስፔሰሩንም ለካሁት፤ 54.1 ነው። ይሄን እንኳ አልተሸወድኩም።


ሚጣ_ሾፌር

ወንድሜ፣ ከመቁረጥህም ከመቀየርህም በፊት የት እንደሚነካ እወቅ። "ከኋላ ነው" አይበቃም። የጎማውን ትከሻና ጎኑን በጠመኔ ዙሪያውን ቀባ። ውስጡንም ውጩንም። የተለያየ ቀለም ካገኘህ ደግሞ እሰየው። ከዚያ መኪናዋን ጫን። ሰው እየለመንክ አትጭን፤ አንድ ኩንታል ገብስ ከኋላ ወንበር፣ ግማሽ ኩንታል ከሻንጣ። ደብረ ብርሃን ገብስ አይጠፋም። ከዚያ በዝግታ፣ በእግር ፍጥነት፣ ብሬከር እለፍ። ከዚያም አንዱን የፊት ጎማና በሰያፍ ያለውን የኋላ ጎማ ድንጋይ ላይ አውጣ። ወርደህ በባትሪ እይ። ጠመኔው የለቀቀበትንና ፓራፋንጎው ላይ የተለጠፈበትን ታገኘዋለህ።

እኔ ያሪስ ላይ ሁለት ወር "ፓራፋንጎ ነው" እያልኩ ስለፋ የነካው የፓራኡርቲው (የመከላከያው) ማሰሪያ ብሎን ሆኖ ተገኘ። ፓራኡርቲውና ፓራፋንጎው የሚገናኙበት ጥግ ላይ ያለችው። አንዲት ብሎን!


የጣርማበር_ልጅ

እኔ ስለ መፋቁ አይደለም። ስለ ማሰሩ ነው የምነግርህ፤ ጎሚስታ ቤት ቅዳሜ አስገባሁ ስላልክ ደነገጥኩ።

ሁለት ዓመት ይሆናል። እኔም ልክ እንዳንተ ወፍራሙን አስገባሁ። ያሰረልኝ ልጅ ቁልፉ ላይ ቆሞ ነበር የሚያጠብቀው። እኔ ደግሞ ጎበዝ ብዬ አደነቅኩት። በማግስቱ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። የጣርማበርን ዋሻ አልፌ ቁልቁለቱን ስጀምር "ቅጭ ቅጭ ቅጭ" የሚል ነገር ሰማሁ። ድንጋይ የገባ መሰለኝ። ሬዲዮ ከፍ አደረግኩ። (አዎ፣ ሬዲዮ ከፍ አደረግኩ።) ደብረ ሲና ቆሎ ልገዛ ስቆም አንዷ ቆሎ ሻጭ ናት "ወንድም ጎማህ ጠሟል" ያለችኝ። የውጪዎቹ ዳዶዎች እንደ ድንጋይ ጠብቀዋል። ጎማውን ስፈታው ከውስጥ ስፔሰሩን ካሰሩት አራት ዳዶዎች ሦስቱ በጣቴ ዞሩ። አራተኛው የለም።

ከውጭ ብትነካካ ደህና ነው የሚመስልህ፤ የውስጦቹ አይታዩም። ስለዚህ ካስገባህ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጎማውን ፈትተህ የውስጦቹን ደግመህ አጥብቅ። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱን ሳይሆን በአዲስ አበባ በኩል ያለውን ሜዳውን ተጠቀምበት፤ ጫጫ ደርሰህ ተመለስና አጥብቅ። ጣርማበር ላይ መሞከሪያ አታድርጋት።

ስለ ዋሻው ካነሳን አይቀር፣ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ዋሻውን ፈልፍሎ ሄደ። ሞላ፣ ዳዶ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ የሚሉትንም ትቶልን ሄደ። ዳዶ ማጥበቅ ግን ሳያስተምረን ነው የሄደው።


ቦኮላ

@የጣርማበር_ልጅ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ልጨምርበት። የቪትዝ ዳዶ ጥብቀት 103 ኒውተን ሜትር ነው። ውስጡም ውጩም። ቶርክ ቁልፍ የሌለው በዚህ ያስላ፤ ግማሽ ሜትር የሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል ጫና ማለት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ጎሚስታ 40 ሳንቲ ቁልፍ ላይ ሲቆም ስንት ይሆናል? 270 አለፈ። ብሎኑ ይለጠጣል። የተለጠጠ ብሎን ደግሞ ቆይቶ ይላላል ወይ ይበጠሳል። ብዙ ማጥበቅ ጉብዝና አይደለም።

ሞዞው ላይ ያለውን ዝገት በብረት ብሩሽ ጠርገህ አስገባ። የዝገት ቅርፊት መሃል ገብቶ ከታሰረ፣ ቅርፊቱ ሲደቅ ዳዶው ላላ ማለት ነው። ጥርሱ ላይ ግራሶም ዘይትም አትቀባ። አንዳንዱ ለነገ መፍቻ ብሎ ይቀባል። ያኔ በዚያው ጉልበት ከልክ በላይ ይጠብቅብሃል።

እና እባካችሁ ስፔሰር አጣሁ ብላችሁ ሮንዴላ (ብሎን ላይ የሚገባውን ስስ ቀለበት) የምትደረድሩ ተዉ። ባለፈው አንድ ባለ ታክሲ በየብሎኑ ሦስት ሦስት ሮንዴላ ደርድሮ መጣ። ቸርኬው ሞዞውን አይነካም። በአራት ነጥብ ነው የቆመው። ጎማ ባላንስ አድርግልኝ ነው የሚለኝ።


ባትላሜራው

ፓራፋንጎ መቁረጥ የሚባለውን እርሳው። የኋላ ፓራፋንጎ ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ ከንፈር አለው። ሁለት ቆርቆሮ ተያይዞ ነው ያለው። በፍሌክሲብል ከቆረጥከው መያያዣው ይከፈታል፤ ክረምት ላይ ውሃና ጭቃ ይገባበታል፤ ከዓመት በኋላ ዝገቱን ከውጭ ታየዋለህ።

የሚሠራው ማጠፍ ነው። ከንፈሩ ወደ ላይ ተጫኖ ከፓራፋንጎው ጋር ይለጠፋል። ጥቂት ሚሊ ታገኝበታለህ። ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ ግን መሞቅ አለበት። የደብረ ብርሃንን ጠዋት ታውቀዋለህ፤ በዚያ ብርድ ቀለም እንደ ብስኩት ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ አቁማት፤ ከዚያ በሙቅ አየር ማሞቂያ እጅ እስከሚያቃጥል አሙቀው። በአንድ ጊዜ አትጫነው። ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ። ሲያልቅ ውስጡን ፀረ ዝገት ቀባ። መዶሻ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ካየህ ቁልፉን ይዘህ ውጣ።

ግን ይሄ የሚሠራው ጎማው ከንፈሩን ከነካ ብቻ ነው። ላይ ያለውን የጎማ ቤቱን ጣራ ከነካ እኔ ምንም አላደርግልህም።


ፈገግታ_ብቻ

ጎማውን ከላይ ወደ ውስጥ አዘንብለው። እንደ ጃፓኖቹ። እንደ ሸርጣን ትሄዳለች፤ ግን አትፍቅም።


ቦኮላ

@ፈገግታ_ብቻ ፊቱን ትንሽ ማዘንበል ይቻላል። የኋላው ግን ግራና ቀኙ በአንድ ወጥ ብረት የተያያዘ ነው፤ የሚስተካከል ነገር የለውም። ደግሞ ያዘነበለ ጎማ በውስጥ በኩል ተበልቶ ያልቃል። ጎማ በነጻ የምታድለው አንተ ከሆንክ እሺ።


ሰላሌው

ከፍቼ ነኝ። የእኔ ሐሳብ ጎማውን ወደ 185/55 ቀይር ነው። 10 ሚሊ ይጠባል፤ በየጎኑ 5 ሚሊ ማለት ነው። ቸርኬው ያው 15፣ ወጪው ጎማ ብቻ። እኔ እንዲህ ነው የገላገልኩት።


ጋሽ_ቶርኖ

@ሰላሌው ልክ ነህ፤ ግማሹን። 195/50 ባለ 15 ሙሉ ቁመቱ 576 ሚሊ ነው። 185/55 ደግሞ 584 ተኩል። በጎኑ 5 ሚሊ አተረፍክ፤ በአናቱ 4 ሚሊ ከሰርክ። ከንፈር የሚነካ ከሆነ መድኃኒት ነው። ጣራ የሚነካ ከሆነ አባሰው። ለዚያ ነው የጠመኔውን ውጤት የምጠብቀው።


ደብሬ_ቪትዝ (ረቡዕ)

ጠመኔው ተቀባ። ገብሱን ከአጎቴ ወፍጮ ቤት ተውሻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየኝ፤ አንዱ "ወደ ገበያ ነው?" ብሎኛል።

ፊት፦ የነካው ብረት አይደለም። ከፓራኡርቲው ኋላ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ጋሼ እንዳሉት በሩ ሰፊ ክብ ጠርጓል።

ግራ ኋላ፦ ሚጣ፣ እጅሽ ይባረክ። የፓራኡርቲው ማሰሪያ ብሎን ጎማውን ቦይ አውጥቶበታል። ጥፍሬን ያስገባል።

ግን ከሁሉም የገረመኝ፣ በሁለቱም በኩል ጠመኔው ጣራው ላይ ተለጥፏል። ከንፈሩ ላይ ሳይሆን ውስጥ፣ ላይ። ባትላሜራው አላደርግልህም ያልከው ቦታ ማለት ነው።


ሸዋሮቢቴ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር አልገባ አለኝ።

እናቱና ሁለት አክስቶቹ። ሦስት ሰው ነው፤ 200 ኪሎ ቢሆኑ ነው። ይቺ መኪና ከኋላ ሦስት ሰው እንድትጭን ተደርጋ ነው የተሠራችው። ሦስት ሰው ጭና በተራ ብሬከር ጎማዋ ጣራ ድረስ ከወጣ፣ ነገሩ ስፔሰር አይደለም። ስፔሰር ጎማን ወደ ጎን ነው የሚገፋው። ወደ ላይ ያወጣው ሌላ ነው።

ወንድሜ፣ መኪናዋ በምን ነው የወረደችው? ለዝቅታ ተብሎ በተሠራ አጭር ሞላ ነው? ወይስ የፋብሪካው ሞላ ተቆርጦ? ጫፉን እይ። የፋብሪካ ሞላ ጫፉ ንጹሕ ነው፣ መቀመጫው ላይ ልክ ይገባል። የተቆረጠ ከሆነ የፍሌክሲብል ጭረት ይታያል፣ ቀለም የለውም፣ ዝጓል። የመምቻ ላስቲኩንም እይ። ሞላው ተጨምቆ ሲያልቅ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚቀበለውን። መኪና የሚያወርዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ "ያንቃል" ብለው አውጥተው ይጥሉታል። እሱ ከሌለ ጎማውን የሚያቆመው ፓራፋንጎው ነው።


ባትላሜራው

👆 ይሄ ሰው ጨርሶታል።


ደብሬ_ቪትዝ (ቅዳሜ ማታ)

ምን ልበላችሁ።

ዛሬ ቦኮላ ጋር ወሰድኳት። (አዎ፣ ተገናኘን። በጽሑፍ እንደሚቆጣው አይደለም፤ ቡና ጋበዘኝ።) የኋላው ሲፈታ ሁለቱም ሞላ ተቆርጧል። ያውም እኩል አይደለም። ግራው አንድ ዙር፣ ቀኙ አንድ ዙር ከምናምን። የመምቻ ላስቲክ በግራ የለም። በቀኝ ያለው ግማሹ አልቆ እንደ ኩበት ተፈርፍሯል። የፊቱ ሞላ ግን ያልተነካ ነው፤ ስላረጀ ነው የወረደው።

እኔ ለአራት ወር "ስታይል" እያልኩ የነዳሁት ይሄን ነው። ለእናቴ ስነግራት "ጉሮሮዋን ነው ብዬህ አልነበር?" አለችኝ።


ሚጣ_ሾፌር

እናትህ ትክክል ናቸው። ጉሮሮዋ ነው።


ጋሽ_ቶርኖ

የተቆረጠ ሞላ መኪናውን ከማውረዱም በላይ መንገዱን ያሳጥረዋል፤ ሞላው ተጨምቆ እስኪያልቅ ያለውን መንገድ ማለቴ ነው። ድንገት ያልቃል። ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ ደግሞ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ትሄድብሃለች። ጣርማበርን በእንደዚህ ያለ መኪና አለመውረድህ ደግ ሆነ። አሁን ምን አደረግክ?


ደብሬ_ቪትዝ

ጋሼ፣ ያደረግነው ይሄ ነው።

የኋላ ሞላ ሁለቱም ከፈረሰ መኪና የወጣ፣ ያልተቆረጠ፣ የፋብሪካ ተገዛ። የመምቻ ላስቲክ ሁለቱም አዲስ። ኋላዋ ተነሳ። ቁመናዋ እንደ ድሮው አይደለም፤ ትንሽ ከፋኝ። ቦኮላ "ለደብረ ብርሃን ኮብልስቶን ይሄም ዝቅ ያለ ነው" ብሎ አጽናናኝ።

የፊት ስፔሰር ሁለቱም ወጣ። መጀመሪያም ያለ ስፔሰር ምንም አይነካም ነበር። መሪው ወዲያው ቀለለኝ። አላይመንት ሰኞ አሠራለሁ።

የኋላው 20 ቀረ። ልቤ አልቆርጥ አለኝ። የፓራኡርቲው ማሰሪያ ብሎን በአጭርና ጭንቅላቱ ዝርግ በሆነ ተቀየረ። ባትላሜራው በጻፈው መሠረት ከንፈሩ ታጠፈ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ በማሞቂያ፣ ያለ መዶሻ። ቀለሙ አልተሰነጠቀም። በግራ በኩል በብርሃን ካየኸው ትንሽ ሞገድ አለው፤ እሱን እኔ ብቻ ነኝ የማየው።

ዳዶዎቹ በቶርክ ቁልፍ 103 ታሰሩ፤ ውስጡም ውጩም። ከዚያ ጫጫ ደርሰን ተመለስን። ፈታን። አንዱ የውስጥ ዳዶ ሩብ ዙር ያህል ተቀበለ! ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም። የጣርማበር ልጅ፣ ትዝ አልከኝ።

ገብሱ ተመልሶ ተጫነ። ኩንታል ተኩል። ጠመኔው አልለቀቀም። ድንጋይ ላይ በሰያፍ ስትወጣ ብቻ ግራው ከንፈሩን በጣም በስሱ ይዳስሳል። መንገድ ላይ እንደዚያ የምትሆንበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።


ቦኮላ

አለ። አንኮበር። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብለህ እንዳትደፍር። በዚህች መኪና አንኮበር እንዳትሄድ ብዬሃለሁ፤ እዚህም ልጻፈው ምስክር እንዲኖረኝ።

ደግሞ ቦሎ ከማሳደስህ በፊት ጎማው ከፓራፋንጎው ውጭ አለመውጣቱን ከላይ ቆመህ እይ። አሁን ልክ ጠርዙ ላይ ነው። ከወጣ መርማሪው ቢመልስህ አትቀየመው። ጭቃውንም መስኮትህ ላይ ነው የሚረጨው።


የጣርማበር_ልጅ

ሩብ ዙር የተቀበለው ዳዶ አንድ ጊዜ ደግሞ ይታይ። አሁንም 50 ኪሎ ሜትር ሂድና ፍታው። ሁለተኛ ጊዜ ከተቀበለ ብሎኑ ተለጥጧል፤ ያ ቁልፍ ላይ የቆመው ጎሚስታ ሥራ ነው። ብሎኑን አስቀይር።


ደብሬ_ቪትዝ (ማክሰኞ)

ታየ። አልተቀበለም። ደብረ ሲና ድረስ ወርጄ ነው የመጣሁት፤ በዝግታ፣ ሬዲዮ ዘግቼ። ቆሎም ገዛሁ። እናቴ ከኋላ ነበረች። አንድም "ክርርር" የለም።

በነገራችን ላይ የፊቶቹ ሁለት ስፔሰሮች ትርፍ ሆነዋል። 4 በ100 (አራት ብሎን፣ 100 ሚሊ ክብ ላይ)፣ መሃሉ 54.1፣ ውፍረቱ 20። የአንድ ሳምንት ዕቃ ነው። የሚፈልግ ካለ ይጻፍልኝ። እንዴት እንደሚታሰር ካነበበ ብቻ ነው የምሰጠው።


የሸኖ_ልጅ

እኔ እፈልጋለሁ! የአባቴን ኮሮላ አሁን እኔ ነኝ የምነዳት። ዲኤክስ ናት። ይሆንላታል?


ጋሽ_ቶርኖ

አይሆንም ልጄ። የዲኤክስ ብሎን 4 በ114.3 ነው። ይሄ 4 በ100 ነው። ቀዳዳው አይገጥምም።


የሸኖ_ልጅ

ጋሼ፣ እርስዎ ቶርኖ ቤት አሉዎት አይደል? ሌላ አራት ቀዳዳ ቢበሱልኝስ?


ጋሽ_ቶርኖ

አይሆንም።


ቦኮላ

አይሆንም!


የጣርማበር_ልጅ

አይሆንምምም


ፈገግታ_ብቻ

ሮንዴላ ደርድርበት።